ለሪፒተር የሚሆን አሮጌ ሬዲዮ

የአማተር ሬዲዮ ሪፒተር ከተራራ ወይም ከረጅም ሕንፃ አናት ላይ ሆኖ ደካማ ድምፅ ይቀበላል፤ በዚያው ቅጽበትም በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ ይለቀዋል። በአሜሪካ ብዙዎቹን የሚያቆሙት ኪሳቸው ያልደለበ ክለቦች ናቸው። ስለዚህ ዓይናቸው ፖሊስና እሳት አደጋ የጣሏቸው አሮጌ ሬዲዮዎች ላይ ያርፋል።

የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በዋና ዋናዎቹ የቪኤችኤፍና የዩኤችኤፍ ባንዶች የሚሠሩ ተቋማት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቻናል ስፋታቸውን ከ25 ወደ 12.5 ኪሎኸርዝ እንዲያጠብቡ አስገደደ። ማጥበብ የማይችሉ ሬዲዮዎች ከሥራ ወጡ። ደንቡ አማተሮችን አይነካም፤ ለሌላው ቆሻሻ የሆነው ለእነሱ ሲሳይ ሆነ።

ርካሽነት ግን መመዘኛ አይደለም። በ2 ሜትር ባንድ ላይ የሪፒተሩ መስሚያና መናገሪያ ፍሪኩዌንሲዎች የሚራራቁት በ600 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። አስተላላፊው 50 ዋት እየለቀቀ ጎኑ ያለው ተቀባይ ሩብ ማይክሮቮልት የምታክል ምልክት ማድመጥ አለበት፤ ልዩነቱ ከ160 ዴሲቤል ይበልጣል። ከበሮ እየተደለቀ አጠገቡ ሹክሹክታ እንደመስማት ነው። ዱፕሌክሰር የሚባለው ማጣሪያ ብዙውን ያግዛል፤ የቀረው የሬዲዮው የራሱ ጥራት ነው።

የ1970ዎቹ ማሽኖች እስከ ዛሬ የሚፈለጉትም ለዚህ ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ማስተር ቱ ተቀባዩና አስተላላፊው በተለያዩ ቦርዶች ላይ ስለተሠሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማሠራት አያስቸግርም። የተቀባዩ መግቢያ ባለጥምዝ ማጣሪያ የጎረቤት ሞገድን አጥብቆ ይከለክላል፤ በክሪስታል የሚሠራው አስተላላፊም ጉርምርምታው ጥቂት ነው። የሞቶሮላው ማይኮር ደግሞ በስኬልቹ፣ ማለትም ምልክት በሌለ ጊዜ የተቀባዩን ጫጫታ በሚዘጋው ክፍል፣ ይወደሳል። ጠንካራ ምልክት ሲቋረጥ ወዲያው ይዘጋል፤ ደካማና የሚንቀጠቀጥ ምልክት ላይ ግን ታግሦ ይቆያል። የስኬልቹን ቺፕ ብቻ ነቅለው ለሌላ ተቀባይ የሚያውሉ አሉ።

መከራው ክሪስታሉ ነው። ለማስተር ቱ እያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ የራሱ ክሪስታል የሚቀመጥበት ክፍል ይፈልጋል። ኢሲ የተባለው ዓይነት የሙቀት ማስተካከያውን 5ሲ ወይም 2ሲ ከተባለ ሌላ ዓይነት ስለሚዋስ ብቻውን አይበቃም፤ ገዢ ይህን ሳያይ ከወሰደ ፍሪኩዌንሲው አየሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይንሸራተታል። የአማተሮች ባለውለታ የነበረው የኦክላሆማ ሲቲው ኢንተርናሽናል ክሪስታል ማኑፋክቸሪንግ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ካቆመ ወዲህ ደግሞ በትእዛዝ የሚቆርጥ ማግኘት ከበደ።

ፍሪኩዌንሲው በኮምፒውተር የሚሞላ ሬዲዮ ይህን ጣጣ ያስቀራል። የሞቶሮላ ማክስትራክ ጥንድ፣ አንዱ ለመስማት ሌላው ለመናገር፣ በትንሽ መቆጣጠሪያ ይያያዛል። ከኋላው ባለ 16 ፒን መሰኪያ ያለውን መምረጥ ይሻላል፤ ባለ 5 ፒኑ ለማያያዝ ያደክማል። ፕሮግራሙ የሚጫነው ግን ቀርፋፋ በሆነ የድሮ ዶስ ኮምፒውተር ነው፤ እሱን ፈልጎ ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሙቀት ነው። የመኪና ሬዲዮ የተሠራው ጥቂት ተናግሮ ለማረፍ ነው፤ ሪፒተር ግን ወሬ ሲደራ ያለ ፋታ ይለቃል። ማክስትራክም ሆነ ለመኪና የተሠራ ማስተር ቱ ኃይሉ በእጅጉ ተቀንሶና ማራገቢያ ተገጥሞለት ካልሆነ አይቆይም። ያለ ዕረፍት እንዲሠራ የተነደፈው ለቋሚ ጣቢያ የተሠራው የማስተር ቱ ዓይነት ነው፤ ከባድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ግን ይችላል።

ማስተካከያ መሣሪያና ልምድ ያለው ሰው ያለበት ክለብ ቋሚውን ማስተር ቱ ይግዛ፤ ክሪስታሉን ግን ከገንዘቡ በፊት ያረጋግጥ። ሌላው ሁለት ማክስትራክ ይበቃዋል። የትኛውንም ከመግዛት በፊት ግን ሬዲዮውን ከአንቴና ይልቅ ከማስመሰያ ጭነት ጋር አገናኝቶ ግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ ማስለቀቅና ዋት መለኪያውን መመልከት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከወረደ ሬዲዮው ለተራራው አይሆንም።