ብሪስቶል ደቡብ ምሥራቅ፦ ወኪሉን ለማዕረግ ያላስረከበ የምርጫ ክልል

በእንግሊዝ አገር ድምፅ የሚሰጠው በእርሳስ ነው። እርሳሱ እንዳይጠፋ በክር ይታሰራል። መራጩ ከወደደው ዕጩ ስም አጠገብ የመስቀል ምልክት ያደርግና ወረቀቱን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሜይ 4 ቀን 1961 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብሪስቶል ከተማ 23,275 ሰዎች እንዲህ አድርገው አንድ ሰው መረጡ። ሰውየው ቢያሸንፍም ምክር ቤት እንደማይገባ፣ ድምፃቸውም ሜዳ ላይ እንደሚቀር አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ሰምተዋል፤ ግን መረጡት።

ብሪስቶል በምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉባት ባዝ ጎረቤቷ ናት። ደቡብ ምሥራቅ የተባለው የምርጫ ክልል የተቋቋመው በ1950 ሲሆን፣ አብዛኛው ሕዝቡ ቀድሞ በብሪስቶል ምሥራቅ ሥር የነበረ ነው። የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ሌበር ፓርቲንም አጥብቆ ይወድ ነበር። ከ1931 ጀምሮ የወከሉት ሰር ስታፎርድ ክሪፕስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአገሪቱን ገንዘብ ሚኒስቴር የመሩ ሰው ናቸው። በ1950 መገባደጃ ሕመም ጸንቶባቸው ሲለቁ፣ በማሟያ ምርጫ የተተኩት የ25 ዓመቱ ወጣት አንቶኒ ዌጅውድ ቤን ነበሩ። በኋላ ዓለም ቶኒ ቤን ብሎ ያወቃቸው ማለት ነው።

ቤን አንድ ዕዳ ነበረባቸው። አባታቸው በ1942 ቪስካውንት ስታንስጌት ተብለው የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆነዋል። ማዕረጉ ከአባት ወደ በኩር ልጅ የሚተላለፍ ነው። በኩሩ ማይክል የአየር ኃይል አብራሪ ሆኖ በ1944 በጦርነቱ ሞተ፤ የወራሽነቱ ተራ ለቤን ደረሰ። በጊዜው ሕግ ሎርድ የሆነ ሰው በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት መቀመጥ አይችልም። አልፈልግም ብሎ መመለስም የለም፤ አባት ዐይኑን በጨፈነበት ቅጽበት ልጅ ሎርድ ነው። ቤን ይህን ቀድመው አይተው በ1955 ማዕረጉን ለመተው የሚያስችል ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። አባትየው ራሳቸው በዚህ ከልጃቸው ጎን ነበሩ።

ኖቬምበር 17 ቀን 1960 አባት ዐረፉ። ልጅ በዚያው ቀን ከምክር ቤት ውጭ ሆኑ፤ ወንበሩም ክፍት ነው ተባለ። በ1961 ሜይ ማሟያ ምርጫ ሲጠራ ቤን ራሳቸው ተወዳደሩ። ዊንስተን ቸርችል እንኳን የተቃራኒው ፓርቲ ሰው ሳሉ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ቤን 23,275፣ የወግ አጥባቂው ዕጩ ማልኮልም ሴንት ክሌር 10,231 ድምፅ አገኙ።

ከምርጫው ቀናት በኋላ ቤን ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ። አዳራሹ በር ላይ በረኛው አስቆማቸው። አሥር ዓመት ሙሉ ያሳለፋቸው በር ነው። በረኛውም ያውቃቸዋል፤ ታዟልና አላሳልፍም አለ። ጉዳዩ ወደ ምርጫ ፍርድ ቤት ሄደ። ቤን ራሳቸው ለራሳቸው ጠበቃ ሆነው ለቀናት ተከራከሩ። ዳኞቹ በጁላይ የሰጡት ፍርድ ግን፣ መራጩ ዕጩው ብቁ አለመሆኑን እያወቀ ስለመረጠ ድምፁ ባዶ ነው የሚል ሆነ። ወንበሩ ለተሸናፊው ለሴንት ክሌር ተሰጠ። የሚገርመው ሴንት ክሌርም የሌላ የመኳንንት ማዕረግ ወራሽ ነበሩ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የቤን ጀግንነት ሆኖ ይነገራል። እኔ ግን ትልቁን ድርሻ ለመራጮቹ እሰጣለሁ። ቤን ለገዛ ወንበራቸው ነው የታገሉት። አንድ የብሪስቶል ሠራተኛ ግን ከሥራ ወጥቶ ተሰልፎ፣ ይጣላል የተባለ ድምፅ የሚሰጥበት ምን ጥቅም አለው? የተናገረው አንድ ነገር ነው፦ ወኪሌን የምመርጠው እኔ ነኝ እንጂ የአባቱ ሞት አይደለም። ሕዝቡ ሁለት ዓመት በማይፈልገው ወኪል ሥር ቆየ፤ ጉዳዩ ግን አልሞተም። መንግሥት ያን ያህል ድምፅ የሻረ ሕግ ይዞ መቀጠል አፈረ።

ጁላይ 31 ቀን 1963 ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ማዕረግን መተው የሚፈቅደው ሕግ በንግሥቲቱ ስም ጸደቀ። በ22ኛው ደቂቃ ቤን ማዕረጋቸውን በጽሑፍ ትተዋል፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። ሴንት ክሌርም ሕጉ ከተለወጠ እለቃለሁ ያሉትን ቃል ጠበቁ፤ ይህን ለሳቸው መመስከር ይገባል። ኦገስት 20 በተደረገው ምርጫ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ዕጩ አላቀረበም። ቤን በ20,313 ድምፅ ተመለሱ።

በዚያው ወራት ብሪስቶል ሌላ ትግል ላይ ነበረች። የከተማው አውቶቡስ ድርጅት ጥቁርና እስያዊ ሰዎችን በሾፌርነትና በትኬት ቆራጭነት አልቀጥርም በማለቱ፣ በፖል ስቲቨንሰን አስተባባሪነት ሰዉ አውቶቡስ አልሳፈርም ብሎ አድማ መትቶ ነበር። ቤን አድማውን በይፋ ደገፉ። ቤን በተመረጡ በስምንተኛው ቀን፣ ኦገስት 28፣ ድርጅቱ እገዳውን አነሳ።

አዲሱን ሕግ ወዲያው የተጠቀሙበት ደግሞ ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው። በኦክቶበር 1963 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የሆም ኤርል ማዕረጋቸውን ትተው፣ አሌክ ዳግላስ ሆም ተብለው በስኮትላንድ ተወዳድረው ሕዝብ ምክር ቤት ገቡ። የብሪስቶል ሠራተኞች የከፈቱት በር የተቃራኒ ፓርቲያቸውን መሪ አሳለፈ።

ከዚያ በኋላ ቤን በሌበር መንግሥታት ውስጥ ሚኒስትር ሆኑ፤ ብሪስቶል አጠገብ ፊልተን ይሠራ ለነበረው ለኮንኮርድ አውሮፕላንም ተሟገቱ። የምርጫ ክልሉ ግን እየተለወጠ ሄደ። በ1979 ቤን ያሸነፉት ከ2,000 ባነሰ ልዩነት ነው። በ1983 የክልሎች ወሰን እንደገና ሲሠመር ብሪስቶል ደቡብ ምሥራቅ ተቆራርጦ ለጎረቤቶቹ ታደለ። ቤን ከብሪስቶል አልወጡም። አዲስ በተሠመረው ብሪስቶል ምሥራቅ ተወዳደሩና ጁን 9 ቀን 1983 በወግ አጥባቂው ጆናታን ሳይድ ተሸነፉ። ምክር ቤት ባለመኖራቸው በዚያው ዓመት ለፓርቲው መሪነት መወዳደር ሳይችሉ ቀሩ፤ ኒል ኪኖክ ተመረጡ። በማርች 1984 ቤን ቼስተርፊልድ ከምትባል ከተማ ተመርጠው ሲመለሱ፣ ከብሪስቶል ጋር 33 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት የቀረው ቆይታቸው ካበቃ ዘጠነኛ ወሩ ነበር።