በሳምንት ሃያ ገጽ፦ የሥዕል ታሪክ እንዴት ይሠራል?



ወደ ዝግጅት ክፍላችን ሥዕል ይዘው የሚመጡ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ በተከታታይ ሥዕሎች ታሪክ ለመተረክ የሞከሩ ናቸው፤ ኮሚክ የሚባለውን ማለታችን ነው። የመጀመሪያው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስደንቅ ነው። ሁለተኛው ተቻኩሎ የተሠራ ይሆናል። ሦስተኛው የለም። «ቀሪውስ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ «ወረቀት አለቀብኝ» ወይም «ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋኝ» የሚል ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ይህን ሥራ በየሳምንቱ ሳያቋርጡ የሚሠሩ ሰዎች እንዴት እንደሚጨርሱት ለማስረዳት እንሞክራለን።

በሥዕል መተረክ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የባህል ዕቃ መሸጫዎች የሚሰቀለውን የንግሥተ ሳባ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በአንድ ሸራ ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ክፍሎች፣ በቅደም ተከተል የተሣለ ነው። ሸራው ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያልቃል። ሳምንታዊ መጽሔት በሰባት ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ሳምንታዊ ሥራ በእጅጉ የተስፋፋው በጃፓን ነው። ከሠዓሊዎቹ ሁሉ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1928 ተወለደ። በ1945 ኦሳካ ከአየር በቦምብ ስትደበደብ በጦር ፋብሪካ እንዲሠራ የተመደበ ወጣት ነበር፤ ከሞት ተረፈ። በማግሥቱ ዓመት ሥዕሎቹ በጋዜጣ መውጣት ጀመሩ፤ ጎን ለጎንም ሕክምና ተማረ። በ1973 የጀመረው «ብላክ ጃክ» የተባለው ሥራው ፈቃድ ስለሌለው ቀዶ ሐኪም የሚተርክ ሲሆን፣ በየሳምንቱ ሃያ ገጽ ያህል የሚሸፍን፣ ራሱን የቻለ አንድ ታሪክ ይወጣው ነበር። በ1989 እስኪሞት ድረስ የሣላቸው ገጾች 150,000 ያህል እንደሚደርሱ ይነገራል።

እንዴት ይቻላል? የቀን አከፋፈሉ ከሠዓሊ ሠዓሊ ይለያያል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን በአብዛኞቹ ዘንድ አንድ ነው። ብዙዎች የሚገረሙበትም የሳምንቱ የመጀመሪያ ቀኖች የሚያምር ሥዕል የማይሣልባቸው መሆናቸው ነው።

ሠዓሊው በመጀመሪያ ከመጽሔቱ አዘጋጅ ጋር ተቀምጦ ይነጋገራል፤ በዚህ ሳምንት ምን ይሆናል? ማን ምን ያጣል? ከዚያ በተራ ወረቀት ላይ ንድፍ ይሠራል። ጃፓኖች «ኔም» ይሉታል። እያንዳንዱ ገጽ በአራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ ሰዎቹ ክብ ራስና ጭረት ብቻ ናቸው፤ ንግግሩ ግን ሙሉ በሙሉ ይጻፋል። ታሪኩ እስከ መጨረሻው ገጽ በዚህ መልክ ይሄዳል። አንባቢው ገጽ እንዲገልጥ የሚያደርገው ነገር በገጹ የመጨረሻ ሥዕል ላይ መውደቅ አለበት፤ ይህም የሚወሰነው እዚሁ ንድፉ ላይ ነው። አዘጋጁ ያነባል፤ «ይህ ተንዛዝቷል፣ ይህ አልገባኝም» ይላል። ሠዓሊው ይቀደዋል፣ እንደገና ይሠራል። ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። የጠፋው ግን ተራ ወረቀት ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የሚቀረው ሦስተኛ ገጽ የሚቀረው ይህ ደረጃ ስለሚዘለል ነው ብለን እናምናለን፤ ወጣቱ ታሪኩን ሳይጨርስ ያለውን አንድ ጥሩ ወረቀት በቀለም ይጀምራል።

ንድፉ ከጸደቀ በኋላ ያለው የጉልበት ሥራ ነው። በጥሩ ወረቀት ላይ በእርሳስ፣ ከዚያ በብረት ብዕርና በጥቁር ቀለም ይሣላል። ዋናው ሠዓሊ አብዛኛውን ጊዜ ሰዎቹን፣ በተለይም ፊታቸውን ይሥላል፤ ረዳቶች ቤቱን፣ ዛፉን፣ ሰማዩን ይሠራሉ። ጥቁር መሆን ባለበት ቦታ በእርሳስ የ«×» ምልክት ይደረግበታል፤ ረዳቱ ሳይጠይቅ ያጠቁረዋል። በመጨረሻም እርሳሱ በላጲስ ይጠፋል፤ የተሳሳተው በነጭ ቀለም ይሸፈናል።

ይህ ኑሮ ዋጋ ያስከፍላል። ቴዙካ ለብዙ መጽሔቶች በአንድ ጊዜ ይሠራ ስለነበር አዘጋጆቹ ቤቱ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ የሚተኛውም በጣም ጥቂት ሰዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በታየ የጃፓን ቴሌቪዥን ፊልም ላይ፣ ሐሳብ እንዳላጣ፣ እንዲያውም በቅናሽ ሊሸጥ የሚችል ያህል እንደተረፈው፣ እጁ ግን እንደ ድሮው ክብ መሣል እንደተሳነው ተናግሯል። እንቅልፉንስ አትከተሉት።

ለእኛ ሃያ ገጽ አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ገጽ ይበቃል። ንድፉን ባለቀ ደብተር ጀርባ ላይ መሥራት ይቻላል። ሦስት ጓደኛሞች ከሆናችሁም አንዱ ታሪኩን ይጻፍ፣ አንዱ ሰዎቹን ይሣል፣ አንዱ በማስመሪያ ያስምር፣ ያጥቁር። ንግግሩን መጀመሪያ ጻፉ፤ ክቡን ከዚያ በኋላ በዙሪያው አስምሩ። ክቡ ቀድሞ ከተሠራ ፊደላችን ይጨናነቅና የማይነበብ ይሆናል። የጃፓን ገጽ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ ናሙና ካገኛችሁ ይህን ሳታስተውሉ አትቅዱ። በተጨማሪም በጥቁር እስክሪብቶ ሥሩ፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ በፎቶ ኮፒ አይወጣም፣ የደከማችሁበት ገጽ ባዶ ሆኖ ይመለሳል።

ሥዕል የማትችሉ ታሪክ ያላችሁም አላችሁ። በኬንያ ዳዳብ ካምፕ ከወንድሙ ጋር ያደገው ሶማሌያዊው ኦማር መሐመድ ሠዓሊ አይደለም። የልጅነቱን ታሪክ ለአሜሪካዊቷ ሠዓሊ ለቪክቶሪያ ጄሚሰን ተረከላት፤ እሷ ሣለችው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በውስጡ ያለው እናንተ የምታውቁት ነው፦ ትምህርት ቤት፣ ውኃ፣ የቃለ መጠይቅ ጥበቃ።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። ኦማር የተረከው የራሱን ታሪክ ነው። የጎረቤታችሁን መንገድ፣ ከማን እንደሸሸች፣ ጉዳይዋ የት እንደደረሰ ሳታስፈቅዱ አትሣሉ። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ መልክም፣ የቤቱ በርም፣ የልጆቹ ቁጥርም ያስታውቃል። ይህ ጋዜጣ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ የት እንደሚደርስ አናውቅም።

ለሚቀጥለው እትም ለማቅረብ የምትፈልጉ፣ ያማረውን የመጀመሪያ ገጽ ሳይሆን ንድፉን እስከ መጨረሻው ጨርሳችሁ አምጡልን፤ ጭረትና ክብ ራስ ቢሆንም ግድ የለም። አብረን አንብበን ከተስማማን ነጭ ወረቀቱንና ጥቁሩን እስክሪብቶ ከዝግጅት ክፍሉ ትወስዳላችሁ።