ብይ የምታክል ጉድጓድ

ጥቁር ጉድጓድ ሲነሳ ሰው ሁሉ ግዙፉን ያስባል። የእኔ ልብ ግን ትንሹ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ብዩን ኪሱ ውስጥ እያንቀጫቀጨ፣ «አጎቴ፣ ጥቁር ጉድጓድ ብይ ቢያክልም መሬትን አይውጣትም?» አለኝ። ይህ «መዋጥ» የሚሉት ነገር ያናድደኛል፤ ወሬውን የሚነዙት ደግሞ ልጆች አይደሉም፣ አዋቂዎች ናቸው። ጥቁር ጉድጓድ እንደ ውሃ ፓምፕ ከሩቅ አይመጥም። ፀሐይ በእኩል ክብደት ጥቁር ጉድጓድ ብትተካ መሬት ትጨልማለች፣ ትበርዳለች እንጂ ምህዋሯን አትለቅም። የመሬትን ያህል የሚመዝነው ደግሞ ወርዱ 1.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። «ኪስህ ካለው ብይ ብዙም አይበልጥም» አልኩት።

ኮከብ ሲሞት የሚወልደው ጥቁር ጉድጓድ ከፀሐይ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ከፀሐይ የሚቀል ከተገኘ ወላጁ ኮከብ አይደለም፤ ዓለም ገና ስትፈጠር፣ እጅግ የታመቀ ቦታ በራሱ ላይ ተደርምሶ የተፈጠረ ሳይሆን አይቀርም። ሐሳቡን ሳይንቲስቶቹ ዜልዶቪችና ኖቪኮቭ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሆኪንግ በ1971 አንስተውታል።

ብርሃን ከሌለው በምን ይታደናል? በስበት ሞገድ። ጥንድ ጥቁር ጉድጓዶች እርስ በርስ ሲዞሩ ህዋን ያናውጣሉ፤ ጉልበታቸው በሞገዱ እየወጣ ይቃረባሉ፣ ይፈጥናሉ፣ በመጨረሻም ይላተማሉ። አሜሪካ ያለው ላይጎ የተባለ የምልከታ ጣቢያ ይህን ሞገድ የሚጠብቀው 4 ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ክንዶቹ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ላይጎ መጀመሪያ የሰማቸው ጥንዶች እያንዳንዳቸው 30 ፀሐይ ገደማ ይመዝኑ ነበር፤ ድምፃቸው 0.2 ሴኮንድ ቆይቶ ጠፋ። በ2017 የተሰሙት ቀለል ያሉ የኒውትሮን ኮከቦች 100 ሴኮንድ ያህል ቆዩ። ከፀሐይ የሚያንሱት ደግሞ ለደቂቃዎች ያንጎራጉራሉ። ከባዶቹ ጎተራቸውን በአንድ ድግስ የሚያራግፉ አባካኞች ናቸው፤ ቀላሎቹ ቆጥቋጣ ስለሆኑ ጉልበታቸውን እየቆነጠሩ ያወጣሉ። ችግሩ ዜማቸው ደካማ መሆኑ ነው፤ ከቅርብ ካልሆነ አይሰማም። ኮምፒውተሩም አስቀድሞ ካዘጋጃቸው እጅግ ብዙ ናሙናዎች ጋር ያን ረጅም ዜማ ዙር በዙር ማስተያየት አለበት፤ ናሙናው ጥቂት ከሳተ ዜማው ጫጫታው ውስጥ ይሰምጣል።

እስከ 2020 በተካሄዱት ሦስት የምልከታ ዙሮች ከፀሐይ የሚቀል የተረጋገጠ ጥቁር ጉድጓድ አልተገኘም። «ታዲያ ለፉ እንጂ ምን አተረፉ?» የሚል አይጠፋም። ቁም ነገሩ ይሄው ነው፦ ስበቱ እንጂ ራሱ የማይታየው ስውር ቁስ ሁሉ እንዲህ ካሉ ጉድጓዶች የተሠራ ቢሆን ኖሮ ዜማቸው ሳይሰማ አይቀርም ነበር።

የእህቴ ልጅ ግን ሌላ ነገር አስጨንቆታል፤ «ላይጎ ብዬን ይሰማታል?» አለ። አይሰማትም፤ ብይ የምታክል ጉድጓድ ለላይጎ እጅግ ትቀላለች። ላይጎ የሚጠብቀው ለምሳሌ የፀሐይን ግማሽ የሚመዝነውን ነው፤ ወርዱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከራሱ ከላይጎ ክንድ የሚያጥር።