ራሱን የሚጠብቅ ስንቅ

ከፒያሳ ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጊዮርጊስ አካባቢ የተነሳ ቤተሰብ መንገዱ ከቀናው 3 ሰዓት ሳይሞላ ባቦጋያ ወይም ሆራ ዳር ይደርሳል። የጀልባው ተራ እስኪደርስ፣ ፎቶው እስኪያልቅ፣ ሐይቁ መሃል ደርሶ እስኪመለስ ግን ምሳው 7 ሰዓት ይሆናል። ንጋት ላይ የተሠራ ወጥ በዚህ ሂሳብ ስምንት ሰዓት ገደማ ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል ማለት ነው።

የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ሙቀት አደገኛ ቀጠና ይሉታል። ቶሎ የሚበላሽ ምግብ በዚህ መካከል ከ2 ሰዓት በላይ፣ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራሉ። ይህ ምክር ፍሪጅ አጠገብ ላለ ሰው ቀላል ነው። ጀልባ ላይ ላለ ሰው የሚያዋጣው ሙቀትም ቅዝቃዜም ሳያስፈልገው ራሱን የሚጠብቅ ምግብ መያዝ ነው።

አገልግልን እንውሰድ። ለሽርሽር ከእሱ የሚያምር ዕቃ የለም፤ ጀልባ ላይ የሚረጨውን ውሃ እንኳ ቆዳው ይመልሰዋል። ከሣር የተሰፋው አካሉ በውስጡ ብዙ አየር ስለያዘ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ችግሩ የሚመጣው ከዚሁ ጥሩ ባሕርዩ ነው። ትኩስ ሆኖ የገባ ወጥ ፈጥኖ አይቀዘቅዝም፣ እስከ ምሳ ድረስም ከ60 ዲግሪ በላይ አይቆይም። 45 ዲግሪ አካባቢ ለብ ብሎ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ከሁሉ የሚወደው ይህንን ሙቀት ነው። ሲመቸው በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ስለሚሆን፣ አንዱ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 በላይ ሊሆን ይችላል።

«ተንተክትኮ የበሰለ ወጥ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ይህ ባክቴሪያና ባሲለስ ሲሪየስ የሚባለው ዘመዱ ስፖር ይሠራሉ፤ ስፖሩ መፍላትን ችሎ ያልፋል፣ ወጡ ለብ ሲል ይነቃል። ፒያሳ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የእኛ ድስት በዚህ በኩል ከባሕር ዳርቻ ሰው ድስት ይደክማል። የጾም ምግብ ነው ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። ምስር ወጥ፣ ሽሮና ሩዝ እርጥበታቸው ብዙ፣ ኮምጣጣነታቸው ትንሽ ስለሆነ ለእነዚህ ስፖሮች ይመቻሉ። በርበሬው ይገድለዋል የሚለውም ተስፋ ብቻ ነው። ቅመም በቤተ ሙከራ አንዳንድ ጀርሞችን ቢያዳክምም፣ ስፖር ተሸክሞ ወደ ድስቱ የሚገባበት ጊዜ አለ።

እንጀራ ግን ሌላ ነው። ሊጡ ሲቦካ የሚፈጠረው አሲድ ፒኤቹን ወደ 4 አካባቢ ያወርደዋል፤ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች እዚያ መራባት ይቸግራቸዋል። ለዚህም ነው እንጀራ ሲቆይ ቀድሞ የሚጎበኘው ሻጋታ የሆነው፤ ሻጋታ ደግሞ ለአንድ ቀን ሽርሽር አይደርስም። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን እንጀራው ለብቻው ሲሆን ነው። ጠዋት ወጥ ጠጥቶ ፍትፍት ወይም ፍርፍር ከሆነ እርጥበቱም አሲዱም ይለወጣል።

እጅም አለ። ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የተባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል። ምግብ ላይ ተራብቶ የሚተወው መርዝ ምግቡ ቢሞቅም አይጠፋም፤ ማስመለስና ቁርጠትም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። መርዙን ለመሥራት ግን ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጀልባው ላይ በታጠበ እጅ የምትጎርሱት ጉርሻ ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው ንጋት ላይ በእጅ የተፈተፈተውና እስከ 7 ሰዓት የተቀመጠው ነው። እንጀራውንና ወጡን ለየብቻ ይዞ እዚያው ማዋሐድ ጣዕሙንም ይጠብቃል። ወጡን አልተውም የሚል ሰው ከዋዜማው ሠርቶ በሰፊ ሳህን ዘርግቶ ያቀዝቅዘው፣ ፍሪጅ ያሳድረው፣ በበረዶም ይውሰደው። በሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ማታ በረዶ ማድረግ ይበቃል፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ከአፉ ትንሽ ማጉደል ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ብቻ የሚጠጣው ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ በረዶው ከምግቡ በላይ ይቀመጥ። ከሰዓት በኋላ የቀለጠውን መጠጣት ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ብልሃት ያለው በደረቁ ስንቅ ላይ ነው። የምግብ ሳይንስ ምግብ ውስጥ ምን ያህል ውሃ አለ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ጀርሙ ሊጠቀምበት የሚችለው ነጻ ውሃ ስንት ነው ይላል። መለኪያው ከ0 እስከ 1 ሲሆን ንጹህ ውሃ 1 ነው። ከ0.91 በታች አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች አይራቡም። ድርቀት ቻዩ ስታፊሎኮከስ እንኳ 0.85 አካባቢ መርዝ መሥራቱን ያቆማል። ከ0.60 በታች ሻጋታም አይበቅልም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ እሳቱ ውሃቸውን አባሮታል። ቋንጣ ላይ ጨው የሥጋውን ውሃ ይስባል፣ የቀረውንም ያስራል፣ ንፋሱ ይጨርሰዋል። ጭኮ በሶና ንጥር ቅቤ ነው፤ በሶው የተቆላ ገብስ፣ ቅቤው ውሃው የተነነ፣ ጀርም የሚጠጣው የለም። በጥቅምት 1888 ከአዲስ አበባ ተነስቶ የካቲት 23 አድዋ ላይ ለተዋጋ ሠራዊት እንዲህ ያለ ስንቅ ምን እንደሆነ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ በፈረስ ላይ ያሉት ምኒልክ ይመስክሩ። በሶ ሲበጠበጥ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። ውሃ የነካው በሶ እርጥብ ምግብ ነውና ወዲያው ይጠጣ፤ የሐይቅ ውሃም አይበጥበጥበት።

ፒያሳ ያደገ ሰው ኬክ ሳይዝ መሄድ ይከብደዋል። ሚሊፎኒ ይቅር። ወተት፣ እንቁላልና ስታርች ያለበት ክሬም ስታፊሎኮከስ ከሚመርጣቸው አንዱ ነው። ቦምቦሊኖው፣ ክሬም ካልገባበት፣ ደረቅ ብጤ ስለሆነ መንገድ ይችላል። ክትፎንማ አናንሳው።

አትክልት ተራ በ2012 ከፒያሳ እስኪነሳ ድረስ ሎሚና ቃሪያ ደጅ ላይ ነበር፤ አሁን ትንሽ መሄድ ነው። ቲማቲሙን ሳይቆርጡ ይዞ ሐይቁ ዳር መቁረጥ ይሻላል፤ ልጣጩ ተፈጥሮ የሰጠችው መሸፈኛ ነው። ሎሚው ሲጨመቅበት አሲዱ ይረዳል፣ ያልታጠበ ቢላዋን ግን አያነጻም። እንጀራም ሆነ ዳቦ ትኩሱን ፌስታል ውስጥ አይታሰር። እንፋሎቱ ፌስታሉ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ ደረቁም ይረጥባል።

ጣና ላይ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። ጀልባው ሲወዛወዝ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «እየሄድን ነው» ሲል፣ ጀልባው ውስጥ ያተኮረ ዓይን «ቆመናል» ይላል፤ ከዚህ ግጭት ማቅለሽለሽ ይመጣል። ቅባት የበዛበት ምሳ ያባብሰዋል፣ ባዶ ሆድም አይረዳም። ከመነሳት በፊት ትንሽ ዳቦ፣ ከዚያ ዓይንን ከሩቅ ዳርቻ ላይ መጣል ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ትንንሽ ስለሆኑ ይህን ያህል አያንገላቱም። ነገር ግን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸውና ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃሉ፤ ባቦጋያ ከ60 ሜትር ያልፋል። ቢራው ከጀልባ ከወረዱ በኋላ ይሁን።

በፔርሙዝ ቡና የሚይዝ ቀድሞ የፈላ ውሃ ሞልቶበት ጥቂት ቆይቶ ይድፋው፤ አለዚያ ቀዝቃዛው ፔርሙዝ ራሱ የቡናውን ሙቀት ይበላል። የተረፈው ደረቅ ስንቅ ለሰኞ መክሰስ ይሆናል፤ እርጥቡ ግን ይደፋ፣ ሐይቁ ውስጥ ግን አይደለም። ባቦጋያና ሆራ ውሃቸው የሚወጣበት ወንዝ የላቸውም፣ የተጣለባቸው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ፌስታሉም ከነትርፉ ፒያሳ ይመለስ።