የትናንቱ «ቦስ» ዛሬ «አክተር» ሲሆን

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ ያስታውሳል፤ ያኔ ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፦ «አክተር» እና «ቦስ»። አክተሩ አይሞትም፣ ቦሱ አይማርም። የአሜሪካ ሬስሊንግ ይህንኑ ሪንግ ላይ አውጥቶ ይሸጣል፤ በተለይ ሁለት ለሁለት የሚገጥሙበት፣ «ታግ ቲም» የሚባለው። «እውነት ነው ወይስ ድራማ?» ለሚለው የድሮ ክርክር መልሱ ግልጽ ነው፦ ድራማ ነው፣ አሸናፊውም ቀድሞ ይወሰናል። ግን ድራማው እኛ ፌርፋክስ ላይ ያጣነው አንድ ነገር ያለው ይመስለኛል።

ሕጉ ቀላል ነው። ከየቡድኑ አንድ ሰው ይፋለማል፤ ጓደኛው ከገመዱ ውጭ ጥጉን ይዞ ይጠብቃል። መግባት የሚችለው እጅ ለእጅ ሲነካኩ ነው። ክፉዎቹ ከደጎቹ አንዱን ነጥለው፣ ዳኛው ዞር ባለ ቁጥር ለሁለት ይቀጠቅጡታል። ሰውየው እየዳኸ እጁን ይዘረጋል፤ አንድ ስንዝር ሲቀረው እግሩን ይዘው ይጎትቱታል። በመጨረሻ እጅና እጅ ሲገናኙ አዳራሹ ይናወጣል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2023፣ ከእኛ ሰፈር በስተደቡብ ኢንግልዉድ በሚገኘው ሶፋይ ስታዲየም፣ የሬስልማኒያ የመጀመሪያ ምሽት የተዘጋው በእንዲህ ያለ ግጥሚያ ነበር። በአንድ ወገን ሳሚ ዜይንና ኬቨን ኦውንስ፣ በሌላው መንትያዎቹ ጂሚና ጄይ ኡሶ። ዜይን ከሶሪያ ከመጡ ወላጆች ካናዳ የተወለደ ነው። ነገሩን ያጣፈጠው ግን ለወራት የመንትያዎቹ ቡድን ሰው፣ የቦሶቹ አጫፋሪ ሆኖ መክረሙ ነው። በጃንዋሪ፣ የቡድኑ አለቃ ሮማን ሬይንስ ከገመዱ ጋር በካቴና የታሰረውን ኦውንስን እንዲመታ ወንበር ሲያቀብለው፣ ዜይን ወንበሩን አለቃው ላይ አሳረፈው። ኦውንስ ግን ወዲያው «ና ወንድሜ» አላለውም፤ ሳምንታት ፈጀበት። በዚያ ምሽት ሁለቱ አብረው መንትያዎቹ ከ600 ቀናት በላይ የያዙትን ቀበቶ ወሰዱ።

ለዚህች ከተማ ይህ አዲስ አይደለም። ፍሬዲ ብላሲ በ1960ዎቹ የሎስ አንጀለስ ተመልካች አጥብቆ የሚጠላው ክፉ ነበር። በኦገስት 1971 ኮሊሲየም ላይ ጆን ቶሎስን ሲገጥም ግን ከ25 ሺህ በላይ ሰው ወጣ፤ ያኔ ብላሲ የከተማው ጀግና ሆኗል።

ወደ እኛ እንምጣ። ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ያለችው የፌርፋክስ ቁራጭ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመች። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ግን፣ አንድ መሶብ ከበው የማውቃቸው ሰዎች የሚገቡበትን ምግብ ቤት የሚመርጡት በባለቤቱ ብሔር ሆኗል። በ2020 ፌስቡክ ላይ አንዲት ነገር የጻፈ ሰው እስካሁን ቦስ ነው፤ ስክሪንሹቱ ተቀምጦለታል። ሬስለሮቹ እንኳ ሲወረወሩ አንዱ የሌላውን አንገት ይጠብቃል። የእኛ ቡጢ እውነተኛ ነው፤ አንገት የሚጠብቅ የለም።

«የእኛ ጉዳይ ጨዋታ አይደለም፣ ሰው አልቋል» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። በደል በሳቅ አይታለፍም፤ የሚጠየቅም ይጠየቅ። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ፌርፋክስ ላይ ቡና የምንጠጣው ሰዎች አብዛኞቻችን ጦር አላዘዝንም፤ ተሳድበን፣ አጨብጭበን፣ ወይም ዝም ብለን ነው የተቆራረጥነው። ለዚህ መመለሻ መንገድ ሊኖር ይገባል። ያጠፋው እንደ ዜይን በተግባር ይዙር፤ የተጎዳውም እንደ ኦውንስ ጊዜውን ይውሰድ። ግን ጥጉን ጥሎ አይሂድ።

ከየት እንጀምር? ትልቅ ስብሰባ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከለቅሶ ቤት እንጀምር። አገር ቤት እናቱ ያረፈችበት ያ «ቦስ» ጋ ሄዶ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ማለት የፖለቲካ አቋም አያስቀይርም። እጁ ግን ተዘርግቶ ከሆነ፣ የሚቀረው አንድ ስንዝር ነው።