እንቁላሉ መብሰሉ በምን ይታወቃል?

የበዓል ዋዜማ ነበር። ለዶሮ ወጡ የቀቀልኳቸውን 12 እንቁላሎች ትንሹ ልጄ ካልተቀቀሉት ጋር ቀላቀለብኝ። ሁሉንም እንደገና ልጥዳቸው ስል፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ “እማዬ፣ ቆይ” አለችና ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ታሾራቸው ጀመር። አንዳንዱ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ሌላው እየተንገዳገደ ቶሎ ይቆማል።

“የሚፈጥነው የተቀቀለው ነው። ውስጡ ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ይዞራል። ጥሬው ግን ፈሳሽ ስለሆነ ውስጡ ወደኋላ ይቀራል” አለችኝ። አንዱንም ሳትሰብር ለየቻቸው። ቀጥላም “እኔም የምማረው ይህንኑ ነው” አለች።

ደነገጥኩ። ኒውክሌር ፊዚክስ ልማር ስትለኝ ከቦምብ በቀር የታሰበኝ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ያህል ስለ ትምህርቷ ሳልጠይቃት ቆይቻለሁ። ያን ቀን ግን ሽንኩርቱን እያቁላላሁ ጠየቅኋት።

የአቶም እምብርት ኒውክሊየስ ይባላል። ውስጡ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች ታጭቀዋል። እኔ ድቡልቡል ኳስ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ሞላላ ናቸው። አጌ ቦር፣ ቤን ሞተልሰንና ጄምስ ሬይንዎተር እ.ኤ.አ. በ1975 የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ የኒውክሊየስ አጠቃላይ እንቅስቃሴ በውስጡ ካሉት ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በማስረዳታቸው ነው።

“ታዲያ በዓይን የማይታይ ነገር ቅርጹ እንዴት ይታወቃል?” አልኳት።

“እንደ እንቁላሉ አሹሮ ነዋ!” አለች።

ሁለት ኒውክሊየሶች ጎን ለጎን ሲላተሙና ሲዋሐዱ፣ አዲሱ ኒውክሊየስ በኃይል ይሾራል። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ በየደረጃው ጋማ ጨረር ይለቃል። ደረጃዎቹ እርስ በርስ በተቀራረቡ ቁጥር ኒውክሊየሱ ይበልጥ የተዘረጋ ነው ማለት ነው፤ እጁን ዘርግቶ የሚዞር ሰው እጁን ከሰበሰበው ይልቅ ለማዞር እንደሚከብድ ማለት ነው።

እኛ ከምንኖርበት ከሊቨርፑል ብዙም በማይርቀው በዴርስበሪ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1986 የሆነውም ይኸው ነው። ተመራማሪዎቹ የካልሲየምን ኒውክሊየስ ከፓላዲየም ጋር አላትመው ዲስፕሮዚየም 152 የተባለውን ፈጠሩ። ከእርሱ የወጡት 19 ጋማ ጨረሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል ተራርቀው ተሰልፈው ተገኙ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ወደ 47 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ነበር። ኒውክሊየሱ በሴኮንድ ወደ 100 ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ሲሾር፣ ርዝመቱ የወርዱን እጥፍ ያህል ነበር። ከእንቁላልም የረዘመ ነው! ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ያን ቅርጽ ትቶ ወደ ድቡልቡልነት ይጠጋል።

ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ቀስ ብሎ የሚሾር ሞላላ ኒውክሊየስ በከፊል እንደ ጥሬ እንቁላል ነው። ቅንጣቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚንቀሳቀሱ ከሽክርክሪቱ ጋር ሙሉ በሙሉ አይሄዱም። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ጥንዶቹ ይላቀቁና ሽክርክሪቱን ይከተላሉ። የዚህ ለውጥ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1971 ስቶክሆልም ውስጥ በተደረገ ሙከራ ታየ። እየጨመረ የሚሄደው የጋማ ጨረር ጉልበት፣ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ወደኋላ ተመለሰ።

“ቦምቡስ?” አልኳት በመጨረሻ።

ሳቀች። “እማዬ፣ እኛ እናዳምጣለን እንጂ አናፈነዳም።”

ሁለት ዓመት ሙሉ ያላደመጥኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ስልክ ስትደውል “በላሽ ወይ?” ካልኩ በኋላ “ዛሬ ምን አሾራችሁ?” ብዬ እጠይቃታለሁ።

እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። የሚሾረውን እንቁላል በጣታችሁ ለቅጽበት ያዝ አድርጋችሁ ልቀቁት። የተቀቀለው ዝም ይላል፤ ጥሬው ግን ውስጡ ገና እየዞረ ስለሆነ እንደገና መሾር ይጀምራል።