የቤትዎ ኤሲ እየሠራ ቤቱ አልቀዘቅዝ ያለው ለምንድን ነው?

የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። ከጣሪያው ክፍተቶችም አየር ይወጣል። ቴርሞስታቱ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ቢታዘዝም ንባቡ ከ29 አልወርድ ብሏል። ቤቱ እንደጋለ ነው፤ የመብራት ቆጣሪው ግን ሥራውን አላቆመም።

በሰኔ፣ በሐምሌ እና በነሐሴ ወራት እንደ ቴክሳስ እና አሪዞና ባሉ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች ይህ የተለመደ ችግር ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ብዙ ቤቶች የሚቀዘቅዙት በአንድ ማዕከላዊ ማሽን ሲሆን፣ አየሩ ወደየክፍሉ የሚደርሰው በጣሪያ ወይም በወለል ሥር በተዘረጉ ቱቦዎች ነው። በጂቡቲ ወይም በድሬዳዋ በብዛት የሚታየው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የአንድ ክፍል ኤሲ ቱቦ የለውም፤ አሠራሩ ግን ተመሳሳይ ነው።

ቤቱ አልቀዘቅዝ ሲል ብዙዎች በቅድሚያ የሚያስቡት "ጋዙ አልቆ ይሆናል" ብለው ነው። ባለሙያ ይጠራል፤ ጋዝ ይሞላል፤ ገንዘብ ይከፈላል። ከሳምንታት በኋላ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ኤሲ እንዴት ይሠራል?

ዘመናዊው የአየር ማቀዝቀዣ መነሻው የሰዎች ምቾት አልነበረም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እአአ በ1902 ሥርዓቱን የነደፈው በኒውዮርክ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነበር። ዓላማው በአየሩ እርጥበት ምክንያት የማተሚያ ወረቀቱ መጠኑ እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነው።

ኤሲ ቅዝቃዜን አይፈጥርም። የሚሠራው ሙቀትን ከቤት ውስጥ አንስቶ ወደ ውጭ ማጓጓዝ ነው። በቤት ውስጥ ባለው ጥቅል ቱቦ (ኮይል) ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕረሰሩ ጋዙን አምቆ ከቤት ውጭ ወዳለው ኮይል ይገፋዋል። በዚያም ሙቀቱ ወደ ውጭው አየር ይለቀቃል፤ ጋዙም ወደ ፈሳሽነት ተመልሶ ጉዞውን እንደገና ይጀምራል።

ይህ ዑደት እንዲሠራ በሁለቱም ኮይሎች ላይ በቂ አየር መንፈስ አለበት። የቤት ውስጡ ወይም የውጭው የአየር ፍሰት ከታፈነ ማሽኑ ምንም ያህል ቢለፋ ቤቱ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ምርመራው መጀመር ያለበት ከጋዙ ሳይሆን ከአየር ፍሰቱ ነው።

በቅድሚያ ምን ሊታይ ይገባል?

ቴርሞስታቱ፦ "ኩል" በሚለው ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። የማራገቢያው ማዘዣ "ኦን" ላይ ከሆነ ኮምፕረሰሩ በሚያርፍበት ጊዜም አየር መንፈሱን ይቀጥላል፤ ያልቀዘቀዘ አየር የሚወጣው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ወደ "ኦቶ" ይመልሱት። በተለመዱት ማሽኖች ቴርሞስታቱን ወደ 18 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ ማሽኑ ያለ ዕረፍት እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል።

የአየር ማጣሪያው (ፊልተር)፦ አውጥተው ወደ ብርሃን ያንሱት። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ አየርም በቀላሉ አያሳልፍም። አብዛኛውን ጊዜ ፊልተር ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ ይኖርበታል። አቧራ በሚበዛበት አካባቢ ወይም የቤት እንስሳት ባሉበት ቤት ደግሞ ከዚህም ቀደም ብሎ መለወጥ ያስፈልጋል። ከወረቀት የተሠራውን አጥቦ መልሶ መጠቀም አይቻልም።

የአየር መውጫ እና መመለሻ ክፍተቶቹ፦ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ሰው የሌለባቸውን ክፍሎች መውጫዎች መዝጋት የተለመደ ነው። ብዙ መውጫዎች ሲዘጉ ግን በቱቦዎቹ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ በኮይሉ ላይ የሚያልፈው አየርም ይቀንሳል። ሶፋ፣ አልጋ ወይም መጋረጃ የአየር መመለሻውን ሸፍኖት ከሆነ ያንሱት።

የውጭው ማሽን ምን ይነግረናል?

የቤት ውስጡ ማራገቢያ እየነፈሰ የውጭው ማሽን ጸጥ ካለ፣ የኤሌክትሪክ ብሬከሩ ወድቆ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ መልሰው ያብሩት። ዳግመኛ ከወደቀ የኤሌክትሪክ ብልሽት አለ ማለት ስለሆነ ደጋግሞ ማብራት አደገኛ ነው።

የውጭው ማሽን እየሠራ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን ይመልከቱ። ሣር፣ ቅጠል፣ አቧራ ወይም ከልብስ ማድረቂያ የሚወጣ ብናኝ ኮይሉን ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። በዙሪያው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ኮይሉን ለማጽዳት በቅድሚያ የማሽኑን ኃይል ከማጥፊያው ያቋርጡ፤ ከዚያም በተራ የውሃ ጎማ በዝግታ ይጠቡት። ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ስሶቹን የአሉሚኒየም ቅጠሎች ስለሚያጣምም አይመከርም።

በረዶ ከታየስ?

ቤቱ እየጋለ በማሽኑ ቱቦ ላይ በረዶ መታየቱ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በቂ አየር ካላለፈበት ወይም ጋዙ ከቀነሰ የቤት ውስጡ ኮይል ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል፤ በላዩ ላይ ያረፈው እርጥበትም በረዶ ይሆናል። በረዶው ደግሞ የቀረውን የአየር መንገድ ይዘጋል።

በዚህ ጊዜ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ማራገቢያውን ብቻ ያብሩ። በረዶው እስኪቀልጥ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። በስለት መፈቅፈቅ ኮይሉን ሊበሳው ይችላል። ፊልተሩን ለውጠው እንደገና ሲያበሩት በረዶው ተመልሶ ከመጣ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ቆሞ በሥሩ ውሃ ከተጠራቀመ ግን የውሃ ማስወገጃ ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በርካታ ማሽኖች ውሃ ሲሞላ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መቆጣጠሪያ አላቸው።

ቀላሉ መለኪያ

ማሽኑ ለ15 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ በአንድ ቴርሞሜትር በአየር መመለሻው እና ለማሽኑ ቅርብ በሆነው የአየር መውጫ ላይ ያለውን ሙቀት ይለኩ። በአብዛኛው ልዩነቱ ከ8 እስከ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊሆን ይገባል፤ እርጥበት በሚበዛበት ቦታ ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል።

ልዩነቱ በጣም ትንሽ ከሆነ ችግሩ በማቀዝቀዣ ዑደቱ ላይ ነው። ልዩነቱ ጤናማ ሆኖ ቤቱ ግን ካልቀዘቀዘ ቱቦዎቹን መጠርጠር ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የሆነው ኢነርጂ ስታር እንደሚለው፣ በአንድ የተለመደ ቤት ውስጥ በቱቦዎቹ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በቀዳዳዎች እና በላሉ መጋጠሚያዎች ይባክናል። ቱቦው በጋለ ጣሪያ ሥር ከተላቀቀ ቤተሰቡ ገንዘብ የሚከፍለው ጣሪያውን ለማቀዝቀዝ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑ አልተበላሸም። የኤሲ አቅም በተለምዶ የሚለካው የውጭው ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ሙቀቱ ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር ማሽኑ ሙቀትን ወደ ውጭ ለመልቀቅ ይቸገራል። እአአ ሐምሌ 2016 በኩዌት ሚትሪባህ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቦ ነበር። እንዲህ ባሉ ቀናት ማሽኑ ያለማቋረጥ መሥራቱ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። መጋረጃ መዝጋት እና ምድጃን ለምሽት ማቆየት ጫናውን ይቀንሳል።

ጋዝ ሙላ ከማለትዎ በፊት

ጋዙ የሚዘዋወረው በታሸገ ቧንቧ ውስጥ ነው። ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ወይም ሲገጠም በትክክል አልተሞላም ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ መጨመር የተቀደደ ጆንያ ላይ እህል እንደመጨመር ነው።

ጉዳዩ ከቤተሰብ ኪስም ያለፈ ነው። አር-410ኤ የተሰኘው በበርካታ ቤቶች የሚገኘው ጋዝ፣ ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ምድርን ከ2 ሺህ እጥፍ በላይ ያሞቃል። አገራት የእነዚህን ጋዞች አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተስማሙት እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ፣ እአአ ጥቅምት 2016 በሩዋንዳ መዲና ኪጋሊ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በተጀመረው የኦዞን ጥበቃ ስምምነት መሠረት ደግሞ፣ በአሮጌ ማሽኖች ውስጥ የሚገኘውን አር-22 አዲስ ማምረትም ሆነ ማስገባት በአሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ተከልክሏል። በዚህም የተነሳ የሚያፈስ አሮጌ ማሽንን ደጋግሞ መሙላት እጅግ ውድ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ባለሙያው "ጋዝ ጎድሎታል" ሲል የሚከተሉትን መጠየቅ ተገቢ ነው፦ መጉደሉ በምን ተለካ? የሚያፈሰው የት ላይ ነው? ጥገናው ስንት ያስወጣል? ማሽኑ የሚጠቀመው የትኛውን ጋዝ ነው? የተለያዩ ጋዞችን መቀላቀል ኮምፕረሰሩን ሊያበላሽ ይችላል። በአሜሪካ ይህን ሥራ መሥራት የሚችለው የምስክር ወረቀት ያለው ቴክኒሻን ብቻ ነው።

የማሽኑን የኤሌክትሪክ ክፍል በራስ መክፈትም አይመከርም። የውጭው ማሽን ድምፅ እያሰማ ማራገቢያው ካልዞረ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ካፓሲተር የተባለው አነስተኛ ዕቃ ነው። ዕቃው ርካሽ ቢሆንም ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የመቃጠል ሽታ ካለ ብሬከሩን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

ባለሙያው እስኪመጣ

በቤቱ ውስጥ አረጋውያን፣ ሕፃናት ወይም ሕሙማን ካሉ ጥገናውን ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ወደ ጎረቤት ወይም ዘመድ ቤት መውሰድ ይመረጣል። ሙቀቱ በጣም ሲበረታ ማራገቢያ ብቻውን ሞቃቱን አየር ከማዘዋወር ያለፈ ጥቅም ላይኖረው ይችላል። በሙቀት የተጎዳ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሰውነቱን በውሃ እያቀዘቀዙ የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት መጥራት ይገባል።